ከሥር ሰዎች ታሪክ የወጣው ገጽ

ቢቸና፣ መስከረም 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለእፀገነት፤ ሞጣ።

ከሰላምታ ሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኔ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከያዘኝ ጉንፋን በቀር ደኅና ነኝ። አያትሽ አባባ ፋንታም ደኅና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግን አይናገሩም። ለአዲሱ ዓመት መርቀውሻል። ምርቃቱ ከአንድ ገጽ ስለሚበልጥ ሙሉውን ስትመጪ ትሰሚዋለሽ።

ከእጅ ጽሑፌ በእርሻ ቢሮው ኮምፒውተር የጻፍሽልኝ የመጽሐፌ የመጀመሪያው አርባ ሁለት ገጽ ደርሶኛል። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ከተማ ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ሰው በትርፍ ጊዜው የሌሉ ሰዎችን ታሪክ መጻፉ ለብዙዎች እንግዳ እንደሚሆን አውቃለሁ። አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ እነዚህን ሰዎች ስለምታውቂያቸው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጥያቄዎችሽን በቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

የመጀመሪያው የባልደረባሽ የበዛብሽ ነው። የድንክ ሴት ጢም አላት ወይ ብላለች። አላት። በምዕራፍ ሦስት እንደ ተጻፈው ጢም በእነሱ ዘንድ የዕድሜ እንጂ የወንድነት ምልክት አይደለም፤ ሴቲቱ የመጀመሪያ ሥራዋን ለገበያ ስታቀርብ ጢሟን በመዳብ ሽቦ ትጎነጉናለች። ‹ድንክ› የሚለውን ቃል ግን የላይ አገር ሰዎች ሲናገሩ ብቻ ተይው። እነሱ በተራራ ሥር ስለሚኖሩ ራሳቸውን የሚጠሩት የሥር ሰዎች ብለው ነው።

ሁለተኛው ሐዘናቸውን የሚመለከት ነው። የሥር ሰዎች ለሟች አያለቅሱም። የሟቹ ወናፍ አርባ ቀን ሳይነፋ ይቀመጣል፤ በአርባኛው ቀን ጎረቤት መጥቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይነፋዋል። ያ ድምፅ የሟቹ የመጨረሻ ትንፋሽ ይባላል። ወናፍ እሳት ማናፈሻው የቆዳ ከረጢት መሆኑን ለማያውቅ አንባቢ በግርጌ አስገቢልኝ።

ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኛል፤ ለምን እንደ ሆነ ግን አልገለጽሽም። ከመቅድሙ ቀጥሎ ያለው የምስጋና ገጽ የግድ ያስፈልጋል ወይ ነው ያልሽው። ያስፈልጋል። ተራራው፣ ንጉሡ፣ ጦርነቱ የእኔ ፈጠራ ነው። ብረቱ ግን ፈጠራ አይደለም። ብረት በስንተኛው ግለት እንደሚታጠፍ፣ ጉጠት ለምን በግራ እጅ እንደሚያዝ ከአንድ ሰው ተምሬዋለሁ። ምንጩን የደበቀ የታሪክ ጸሐፊ ሌባ ነው፤ ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራለሁ። እንዲያውም ጥያቄሽ ገጹን እንደ ገና ስላስነበበኝ ጉድለት አገኘሁበት፤ ‹ለአንድ አረጋዊ› ብቻ ብዬ ነበር። እንዲህ ብለሽ አርሚው፦ ‹በዚህ መጽሐፍ ስለ ብረት ሥራ የተጻፈውን ሁሉ ያስተማሩኝ አባቴ አቶ ፋንታ ናቸው፤ ከአባታቸውና ከአያታቸው የተረከቡት የቀጥቃጭነት ሙያ ነው፤ ቢቸና›።

ለእናትሽ ለሀብትነሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

አጎትሽ መንግስቴ

*

ሞጣ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ መንግስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉንፋኑ ለቀቀዎ? አባባንስ ጉልበታቸውን ቅባኑግ አሽተውላቸዋል? መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መብራት ጠፍቶ ነው ብዬ ላመካኝ ነበር፤ መብራቱ ግን የጠፋው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ገጹን እንዳዘዙኝ አርሜዋለሁ፤ አንድም ቃል አልቀነስሁም። ለምን ደጋግሜ እንደ ጠየቅሁ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። እማዬ ‹‹የጨረሱትን እንጂ የጀመሩትን አያወሩም›› ብላ አፌን ይዛዋለች። ለእርስዎ ሰላም ብላለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

በዛብሽ ስለ ጢሙ ሰምታ ‹‹እንግዲያው አማቴ ከሥር ሰዎች ወገን ናት! ሽቦ ልግዛላት?›› ብላ ቢሮውን ሁሉ አሳቀችው። ወናፉ ላይ ስትደርስ ግን ዝም ብላ አነበበች።

አራት ቅጂ አትሜያለሁ። አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለባሕር ዳር ማተሚያ ቤት፣ አንዱ ለእኔ ነው። አራተኛውን የቢሮአችን የእንስሳት ባለሙያ ዘመነ የሚባል ሰው ወስዶታል። ለምኖ ነው የወሰደው። ጥሩ አንባቢ ነው።

በምዕራፍ ስምንት ኅዳግ ላይ በእርሳስ የጻፍሁትን ጥያቄ እንዳይረሱብኝ።

ልጅዎ እፀገነት

*

ቢቸና፣ ጥቅምት 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውድ እፀገነት፤

የእርሳሱን ጥያቄ አይቼዋለሁ። የሥር ሰዎች ሲጋቡ ዘር አይቆጥሩም። እኛ ዘንድ ሙሽራና ሙሽሪት ከመተያየታቸው በፊት ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይቆጥራሉ፤ በእነሱ ዘንድ ግን ‹ማን ወለደህ› ማለት ነውር ነው። ‹ማን መዶሻ አስያዘህ› ነው የሚባባሉት። ሰው የአስተማሪው ልጅ ነው፤ የአስተማሪው አስተማሪ አያቱ ነው። ባለ ሙያ ካልሆነ ሰው የተወለደ ሕፃን እንኳ መልካም እጅ ካስተማረው የታላላቆቹ ወገን ይሆናል። ይህን ሳልጽፈው የቀረሁት ማስረጃ ስላጣሁ ነው። በፈጠራ ታሪክ ውስጥ ማስረጃ አጣሁ ማለት ለሌላ ሰው ያስቃል፤ አንቺ እንደማትስቂ እገምታለሁ። በምዕራፍ ስምንት መጨረሻ አስገቢው።

እሑድ ዕለት ምዕራፍ አምስትን ለአባባ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ምዕራፉ ስለ ብረት ዘመን ገበያ ነው። የላይ አገር ሰዎች እህላቸውን በዋሻው በር አኑረው ይርቃሉ፤ የሥር ሰዎች ወጥተው እህሉን ያነሡና ማጭድና መጥረቢያ በቦታው ትተው ይገባሉ። ሁለቱ ወገኖች ለሦስት መቶ ዓመት ሲገበያዩ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ስለዚህም የላይ አገር ሰው ‹ድንክ ዓይኑ ይበላል› ይላል።

አባባ እስከዚህ ሰሙ። ከዚያ ‹‹ይህን ማን ነገረህ?›› አሉኝ።

‹‹ማንም አልነገረኝም፤ ፈጥሬው ነው›› አልኋቸው።

‹‹አልፈጠርኸውም። በአምበር ገበያ እኛ የምንቀመጠው ከበጎቹ ወዲያ በዳር ነበር። ገበሬው ማረሻውን ይጥልና ዞር ይላል፤ ስንጨርስ መጥቶ ያነሣል። የእኔ አባት አንድ ጊዜ ‹ጌታዬ፣ ዞር ቢሉ ብረቱ አይቀላም› አለው።›› ሳቁ። ቀጥለውም ‹‹ያ ድንክህ ደግሞ ወናፉን ቆሞ ነው የሚነፋ? ተቀምጦ ነው እንጂ! ወገቡ ይቆረጣል፤ አጭር ቢሆንም ወገብ ወገብ ነው›› ብለው አረሙኝ። ገጽ 61 ላይ ‹ቆሞ› የሚለውን ‹ተቀምጦ› በይው።

ስለ እንስሳት ባለሙያው ምንም አልጠየቅሁም።

አጎትሽ መንግስቴ

*

ሞጣ፣ ኅዳር 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ሰላምታዬ ስላጠረ ይቅር ይበሉኝ። ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ያልሁት ይህ ነው።

ዘመነ ለጋብቻ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ከነሐሴ ጀምሮ። እማዬ ቆጠራው ሳያልቅ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። የቆጠራው ሥራ የተሰጠው ለአባቱ ወንድም ለመሪጌታ ሽታሁን ነው። በሟቹ አባቴ በኩል ሰባት ቤት ቆጥረው ‹‹ንጹሕ ነው›› አሉ። በእማዬ በኩል እሷው ‹‹አባቴ ቢቸና ገበሬ ናቸው›› ብላለች። ሞጣ ከመጣች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለችው ይህንኑ ነው፤ የሚጠይቃትም አልነበረም። ገጹ የግድ ነው ወይ ብዬ የጠየቅሁዎ ለዚህ ነበር። ምክንያቱን ብነግርዎ ‹ተይው› ይሉኝ እንደ ነበር አውቃለሁ። አልነገርሁዎትም፤ እርስዎም ስሙንና ሙያውን ጨምረው ላኩልኝ።

ቅጂውን ለዘመነ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የምስጋናውን ገጽ አውጥቼ ልሰጠው አስቤ፣ ለምን አወጣሽው ቢለኝስ ብዬ ተውሁት። ያን ጊዜ እሱም አያውቅም ነበር። በአባቱ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቶት ይሄዳል። መሪጌታ ደግሞ የተጻፈ ነገር አይተው አያልፉም፤ የመድኃኒት ካርቶን እንኳ ያነብባሉ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከዘመነ አባት ከአቶ አካለ ወልድ ጋር መጡ። እማዬ ወንበር ስባ ብትሰጣቸው መሪጌታ አልተቀመጡም።

‹‹ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ የወንድምዎን መጽሐፍ አነበብነው›› አሉ።

‹‹ምን መጽሐፍ?››

‹‹ስለ ድንኮች ነው። ደግ ተጽፏል። ከመቅድሙ ቀጥሎ ግን ድንክ ያልሆነ ሰው አገኘን።››

እማዬ ‹‹እሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተረት ነው የሚያወራ! አባቴን ከእኔ በላይ ማን ሊያውቃቸው ነው?›› አለች።

አቶ አካለ ወልድ ‹‹እኛ ሰው አንንቅም፤ ማረሻችንን የሚሠሩልን እነሱ ናቸው። አጥንት ግን ሌላ ነው›› አሉ። ሰውየው ክፉ አይደሉም ጋሼ፤ ይህን ሲሉ እንኳ ድምፃቸው የሚያዝን ነበር።

መሪጌታ ግን ‹‹ነገሩ ቀላል ነው። መጽሐፉ ሁሉ ተረት ከሆነ ገጹም ተረት ነው ይበለን። ቢቸና ሄደን ከአፉ እንሰማለን›› ብለው ቀን ቆረጡ። ቅዳሜ ኅዳር 19 ይመጣሉ።

እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእርስዎን ስም አትጠራም፤ ‹ያ ሰውዬ› ነው የምትለው። እኔ እንዲዋሹ አልጠይቅዎትም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሠረዝሁት። እየጠየቅሁዎት ነው።

እፀገነት

*

ቢቸና፣ ኅዳር 13 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውድ እፀገነት፤

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ጥፋቱን ለመከፋፈል አልሞክርም። ያልተጠየቀ ስም የጨመረ እኔ ነኝ፤ ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ነገር ሲጠይቅ ምክንያት እንዳለው ማወቅ የነበረብኝም እኔ ነኝ። ስለ ምንጭ ሳስብ ስለ አንቺ አላሰብሁም።

ለሽማግሌዎቹ ምን እንደምል እስካሁን አልወሰንሁም። አባባ በ1967 መሬት ሲደለደል ሁለት ጥማድ ደርሷቸው ለዐሥራ አምስት ዓመት አርሰዋል። ስለዚህ ‹ገበሬ› የሚለው ቃል ከእውነት ጨርሶ አይርቅም። ከትናንት ጀምሮ ይህን የመሰለ ሰበብ ሳሰላስል ውዬ አደርሁ፤ ታሪክ ያስተማሩኝ መምህራን ቢያዩኝ ያፍሩብኝ ነበር።

ለአባባ አልነገርኋቸውም። ዛሬ ጠዋት ገና ያልጨረስሁትን ምዕራፍ አሥርን እንድንቀጥል ጠይቀውኛል። ምዕራፉ የሥር ሰዎች የመጀመሪያውን መስፍ፣ ማለት የጋለ ብረት ተጋድሞ የሚቀጠቀጥበትን ወፍራም ብረት፣ ያለ መስፍ እንዴት እንደ ሠሩት የሚተርክ ነው። ይህን የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። ‹‹ጥያቄው ደግ ነው፤ አስቤ እነግርሃለሁ›› ብለውኛል።

አንድ ነገር ንገሪኝ። ዘመነ ራሱ አሁን ያውቃል? ካወቀስ ምን አለ? እንደ ልማዴ በጥንቃቄ ጠየቅሁሽ፤ አንቺ ግን በጥንቃቄ አትመልሺልኝ።

መንግስቴ

*

ሞጣ፣ ኅዳር 17 ቀን 1996 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ያውቃል። እኔው ነገርሁት። በቢሮው ጓሮ ቆመን ነበር። ‹‹ለእኔ ምንም አይደለም›› አለኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ‹‹ግን እንዲህ ማለት የምችለው አባቴ በሕይወት ከሌለ ነው›› አለ። ሲናገር መሬት መሬት ነበር የሚያይ። የሚጠላ ሰው አይደለም፤ የሚፈራ ሰው ነው። እኔም ብሆን ከእሱ የምሻል አይደለሁም፤ እየፈራሁ ነው የምጽፍልዎት።

እወደዋለሁ። ይህን በጽሑፍ ለእርስዎ ማለት ይከብዳል፤ ቢሆንም በጥንቃቄ አትመልሺ ብለውኛል። ይህ ከቀረ ለሌላ ሰው አልዳርም። የዘመነ ቤት ለምን እንደ ተወኝ ሞጣ በሙሉ ያውቃል፤ እማዬም በዚህ ከተማ አንገቷን ቀና አድርጋ ቤተ ክርስቲያን አትሳለምም።

ለአባባ ብቻ አይንገሩብኝ። እሳቸው ሳይሰሙ ይለቅ።

እፀገነት

*

ቢቸና፣ ኅዳር 23 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውድ እፀገነት፤

ሽማግሌዎቹ መጥተው ሄደዋል። ውጤቱን ከአቶ አካለ ወልድ ሰምተሽ ይሆናል፤ እንዴት እንደ ሆነ ግን ከእኔ ብትሰሚ ይሻላል። የማስታውሰውን ሳልጨምር እጽፋለሁ።

አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። ሽሮና ሰላጣ አቀረብሁ፤ በጥቂቱ ቀመሱ። ሌሊቱን የሸመደድሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፤ ተናገርሁት፦ ‹‹ይህ መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ የፈጠራ ሥራ ነው።››

መሪጌታ ሽታሁን ጺማቸውን ዳሰሱ። ‹‹መምህር፣ እኛ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ቆሎ ቆርጥመን ያደግን ነን። በሰምና በወርቅ አያጫውቱን። አባትዎ ቀጥቃጭ ናቸው ወይስ አይደሉም?››

አንዱን ቃል ብናገር አንቺን ነው የምጎዳው፤ ሌላውን ብናገር ከግድግዳው ወዲያ ያሉትን አባባን ነው። ሁለቱም ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልወጣም። እውነቱን ለመናገር፣ ዝምታዬ መልስ ሆኖ ሊቆጠር ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ አቶ አካለ ወልድ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀምረው ነበር።

ያን ጊዜ አባባ በጓሮ በር ገቡ። ሁለቱም እጃቸው እስከ ክርን ድረስ የጭድ ጭቃ ነው።

‹‹እንግዳ መጥቶ አትጠራኝም?›› አሉኝ። ለሽማግሌዎቹም ክርናቸውን አቀረቡ፤ ‹‹ይቅርታ ጌቶቼ፣ እጄ ጭቃ ነው፤ ግድግዳ እየመረግሁ ነው።››

‹‹በዚህ ዕድሜ?›› አሉ መሪጌታ ክርናቸውን ጨብጠው።

‹‹ምን ላድርግ? ልጄ መምህር ነው፤ ከጠመኔ በቀር የያዘው ነገር የለም።››

‹‹አቶ ፋንታ፣ ልጅዎ ስለ ብረት ጽፏል።››

‹‹ይጽፋል። ዕድሜ ልኩን ይጽፋል። ምን አለ ደግሞ?››

‹‹ከእርስዎ ተማርሁ ብሏል።››

አባባ ሳቁ። ረጅም ሳቅ ነበር። ‹‹እኔ? እኔ የማውቀው ብረት ማረሻ ነው። እሱንም ሲደንዝብኝ ወደ ሠሪው ወስጄ እጥልና ዞር እላለሁ። ደጃፉንም አልረግጥም። እናንተስ ትረግጣላችሁ?››

‹‹እንዴት ተደርጎ!›› አሉ አቶ አካለ ወልድ።

‹‹በሉ እንግዲህ። ይህ ልጅ ዕውቀት በዝቶበት ነው። የሌለ ንጉሥ የፈጠረ ሰው የሌለ አባት ቢፈጥር ምን ይገርማል?››

አቶ አካለ ወልድ ትከሻቸው ሲላላ አየሁ። መሪጌታ ግን ጭቃውን ቆም ብለው ተመለከቱት። ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጽፍም። ሲሰናበቱ እንደ ገና ክርናቸውን ጨበጡ።

ከሄዱ በኋላ ጓሮ ወጣሁ። እንደምታውቂው የቤታችን የጓሮ ግድግዳ አምና በሲሚንቶ ተለስኗል፤ የሚመረግ ቦታ የለውም። አባባ በድንጋዩ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ነበር። ማን እንደ ነገራቸው ጠየቅሁ። እናትሽ በእህል ነጋዴ አፍ ልካ ነበር፤ ከኅዳር 12 ጀምሮ ያውቁ ነበር። ስለ መስፉ ‹አስቤ እነግርሃለሁ› ያሉኝ ይህን እያወቁ ነው።

‹‹ውኃ ላፍስስልዎ›› አልኋቸው።

‹‹ተወው፤ ይድረቅ›› አሉኝ።

መንግስቴ

*

ሞጣ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ መንግስቴ፤

ለሳምንታት ብዕር አንሥቼ እያስቀመጥሁ ቆየሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ እንደማይበቃ ስለ ገባኝ ነው።

ሁሉም ነገር አልቋል። ሠርጉ እሑድ ጥር 16 ነው። መሪጌታ በጉባኤ መካከል ‹‹ሽማግሌው ጨዋ ናቸው›› ብለው መሰከሩ። እማዬ እንደ ገና እርስዎን በስምዎ መጥራት ጀምራለች። ገጹን ከእኔና ከዘመነ ቅጂ አውጥቼዋለሁ፤ ለማተሚያ ቤቱም ስልክ ደውዬ እንዲያወጡት ነግሬያለሁ። የገጽ ቁጥሩ አንድ ይዘልላል። ላስተካክለው ብዬ ሞከርሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

አቶ አካለ ወልድ አባባ መጥተው ከሽማግሌዎች መካከል ተቀምጠው እንዲመርቁን ይፈልጋሉ። ‹‹እንዲህ ያለ የጨዋታ ሰው እንዴት ይቀራል!›› ብለዋል። ስለ እርስዎ ግን መሪጌታ ‹‹የመጽሐፉ ሰው ከታየ ወሬው ይታደሳል›› አሉ። ይህን እንዴት እንደምጽፍልዎ ሳላውቅ ጻፍሁት።

ዘመነ መጽሐፉን ጨርሶታል። ‹የዝምታ ዘመን› የሚለው ክፍል ለምን ሁለት ገጽ ብቻ ሆነ ብሎ እንድጠይቅዎ ነግሮኛል።

አባባ ይመጣሉ?

እፀገነት

*

ቢቸና፣ ጥር 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውድ እፀገነት፤

ለዘመነ እንዲህ ብለሽ ንገሪው። በመዳብ ዘመን የሥር ሰዎች ሥራቸው ላይ ምልክታቸውን ያሳርፉ ነበር፤ በብረት ዘመን የንጉሣቸውን ስም ያሳርፉ ነበር፤ በዝምታ ዘመን ምንም አላሳረፉም። ዝም ያለ ሕዝብ መዝገብ አይተውም። ጸሐፊው ከሁለት ገጽ በላይ የሚጽፈው አጣ።

እኔ ሠርጉ ላይ አልገኝም፤ ቅሬታም የለኝም፤ መሪጌታ ትክክል ናቸው። አባባም አይመጡም። ጥሪውን ስነግራቸው ‹‹በሠርግ ቤት ስንት ሰው ይጨብጣል?›› አሉኝ። መቶ ሃምሳ ይሆናል አልኋቸው። ‹‹ለመቶ ሃምሳ ሰው ጭቃ አላቦካም፤ ታመዋል በላት›› አሉ። ስለዚህ ታመዋል። ለአቶ አካለ ወልድ ይህንኑ ንገሪ።

ስለ ጤናቸው እውነቱን ማወቅ ከፈለግሽ፣ አልታመሙም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስለ ብረት አይናገሩም። ምዕራፍ አሥርን ይዤ ሁለት ጊዜ ቀረብሁ። ‹‹እኔ ምን አውቄ? ገበሬ ነኝ›› አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም። ባለፈው ማክሰኞ ጎረቤታችን ይርጋነሽ የተጣመመ ማጭድ ይዛ መጣች፤ እንደምታውቂው ሃያ ዓመት ሙሉ በጓሮ በር እያመጣች ያቃኑላታል።

‹‹ወደ ሠሪ ውሰጂው፤ እዚህ ብረት የሚሠራ የለም›› አሏት።

‹‹ኧረ አያ ፋንታ፣ ምን ሆኑ? ማን ሰማን ብለው ነው?›› አለች።

‹‹ሰምተሻል። ውሰጂው።››

ማጭዱን እንደ ተጣመመ ይዛ ሄደች። ለእኔ ‹‹አባትህ አረጁ›› አለችኝ።

ለሠርግሽ ምርቃታቸውን ልከዋል፤ ይህኛው አጭር ነው፦ ‹ውለጂ፣ ክበጂ፤ ስለ እኛ አትጨነቂ።›

መንግስቴ

*

ቢቸና፣ ግንቦት 21 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውድ እፀገነት፤

ደብዳቤሽ ስለ ጤናሽ የያዘው ወሬ ደስ አሰኝቶኛል። ከባድ ዕቃ አታንሺ፤ የቢሮውን መኪና ሲያዙልሽም ከፊት ተቀመጪ። አባባ ሲሰሙ ‹‹ስንት ወር?›› ብለው በጣታቸው ቆጠሩ።

የጠየቅሽኝን ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። አቶ አካለ ወልድ የቤት ቆጠራውን በሁለቱም ወገን ጽፈው ለሚወለደው ልጅ ለማኖር መፈለጋቸው ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። አባባ በሕይወት ሳሉ በጣታቸው እንዲፈርሙበት መጠየቃቸውም ከሥርዓት አንጻር ነውር የለበትም፤ እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ምዕራፍ አሥር እስኪደርስ እንደማይጠብቅ ጽፎልኛል። አልልክለትም። መጽሐፉ በዘጠኝ ምዕራፍ እንዲቀር ወስኛለሁ፤ የሥር ሰዎች የመጀመሪያውን መስፍ እንዴት እንደ ሠሩት እኔ አላውቅም፣ የማላውቀውንም ከራሴ አልፈጥርም።

ወረቀቱን የጻፍሁት አባባ እንዳሉኝ ነው፤ ቃል አልጨመርሁም። ‹‹ፋንታ፣ ገበሬ። የፋንታ አባት፣ ገበሬ። የአባቱ አባት፣ ገበሬ›› አሉ። እስከ ሰባተኛው ቤት እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ አንድም ጊዜ ሳይደናቀፉ ቆጠሩ። የሰዎቹ ስም ሁሉ እውነተኛ ነው።

ከትምህርት ቤት የማኅተም ቀለም አምጥቼ ነበር። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ነክረው ከወረቀቱ ግርጌ አሳረፉ። ጣታቸውን ሲያነሡ ጥቁር ክብ ብቻ ሆነ፤ በውስጡ አንድም መስመር የለም። ቀለሙ በዝቶ ይሆናል ብዬ ጠረግሁትና እንደ ገና አሳረፉ። ያው ነው። የግራውን ሞከርን። ከዚያ ሌሎቹን በተራ። አሥሩም ጣት አሥር ጥቁር ነጥብ ሆነ። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ እሳት የነካው እጅ ነው፤ መስመሩን በልቶታል። ሠላሳ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ይህን አላስተዋልሁም።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። መሪጌታ ሳያዩት እንደማይቀሩ አስቢ። ለአማትሽ ትሰጪ ወይም ታስቀሪው እንደ ሆነ እኔ አልመክርሽም፤ ስለ አንድ ገጽ የሰጠሁሽ ምክር ምን እንዳደረሰ አይተሻል።

አባባን ግን ጠይቄያቸዋለሁ። ‹‹መስመሩ የት ሄደ ቢሏት ምን ትበል?›› አልኋቸው። እጃቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ቆዩ። ቀለሙ ለጋቢው ተረፈ።

‹‹አፈር በላው ትበላቸው›› አሉ። ‹‹ገበሬ አይደለሁ?››

አጎትሽ መንግስቴ